ተራራው ሳያፍር አቆጠቆጠ

መጋቢት 26

ወንድሜን አህመዲንን ከቀበርነው ሳምንት አለፈ። ለቅሶ ደራሹ ቀነሰ። እማ አሁንም ከመደቡ አልወረደችም። የመጣ ሁሉ «አላህ ጀነት ያግባው፤ ተራራውን ሊያድን ሲል ነው የሞተ» ይላታል። ራሷን ትነቀንቃለች። ሰዉ ሲወጣ ግን ወደ እኔ ዞራ «እሳቱንስ ማን ለቀቀው?» ትለኛለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ፊቴን አጥርታ አታየውም፤ ቢሆንም ዞራ ነው የምትጠይቀኝ።

አውቀዋለሁ። ሙላው ነው።

እዚህ ልጻፈው፣ ሐዘን አደንዝዞኝ እንዳልረሳው። ያን ቀን ከቀትር በኋላ ሙላው ከብቶቹን እየነዳ አስታ ቁጥቋጦ ከሞላበት ተራራ ሲወርድ ጎረቤት አይቶታል። ጭሱ የታየው እሱ ከወረደ በኋላ ነው። በጥር ወር አህመዲን ከብቶቹን ከተከለለው ቦታ አስወጥቶ ለቀበሌ አስረክቦበት ነበር። ሙላው ገበያ መሀል «ተራራው ያባትህ ነው ወይ?» ብሎ ጮኾበታል፤ እኔም ነበርሁ። ደሞ በልጉ ቀረ፣ ከብቱ አጥንቱ ወጣ። አሮጌው ሣርና አስታው ሲቃጠል ከሥሩ ለጋ ሣር እንደሚወጣ የማያውቅ ባለከብት በዚህ አገር የለም። ሌላ ምን ቀረ?

«እሳቱን ከሕዝቡ ጋር ሲያጠፋ ነበር» ይላሉ። የለቀቀ ሰውም ሲደነግጥ ያጠፋል።

ለቅሶ ሲመጣ እጁን አየሁት። እስከ ክርኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቀና ብሎ አላየኝም።

መጋቢት 29

መካነ ሰላም ሄጄ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ሻይ አዘዘልኝ፤ አልጠጣሁትም።

«ሲያቀጣጥል ያየው ሰው አለ?»

«ሲወርድ ያዩት አሉ።»

«መውረድ ወንጀል አይደለም፣ እህቴ።»

«ወንድምህ ቢሆን እንዲህ ትለኝ ነበር?»

እስክሪብቶውን አነሣ። ጻፈ። ማታውን ሙላውን ወሰዱት። ሚስቱ ሱሀይላ ልጆቿን አቅፋ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ዓይኔን ቀድሜ አልሰበርሁም።

ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ስንቱን ዋጥሁ። ማዳሟ ስትሰድበኝ ዋጥሁ፤ ደሞዜን ስትይዝብኝ ዋጥሁ። ይህን አልውጥም።

ሚያዝያ 5

ለቀቁት። ያየ ሰው የለም ተባለ።

ከሚኒባስ ወርዶ በደጃችን አለፈ። እማ ኮቴውን ሰምታ «ማነው?» አለች። «መንገደኛ ነው» አልኋት።

ሚያዝያ 8

የአህመዲንን ማር የሚገዛው ነጋዴ ደወለ። ሞቱን አልሰማም። «ያን ቀን እስኪመሽ ጠብቄ ማሩ ሳይመጣ ቀረ» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

አህመዲን ማር የሚቆርጠው ሲመሽ ነው። ሁሌም ሲመሽ፣ ንቡ ሲበርድ፣ ነፋሱም ሲተኛ። ያን ቀን ነጋዴው ቶሎ እንደሚመለስ ስለነገርሁት በጊዜ ወጣ፤ ቢሆንም ቀፎውን ሊያይ ብቻ ነው። ሊያይ። ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ፣ እሺ። ቀፎ ማየት ማንን ገደለ?

ስለ ነጋዴው ለእማ አልነገርኋትም። ምኑን ልንገራት።

ሚያዝያ 14

ሕግ ካልቀጣው ቅሬው ይቅጣው ብዬ ወደ ሸህ ሙህዬ ሄድሁ። የቅሬያችን ዳኛ እሳቸው ናቸው፤ ሞትም ሠርግም ጠብም በእጃቸው ነው።

«ልጄ፣ ጥርጣሬም ወንጀል አለው» አሉኝ።

«ሸህ፣ ወንድሜ አፈር ውስጥ ነው ያለው።»

«አህመዲን የሁላችንም ነው።»

«የሁላችሁም ከሆነ ገዳዩ ለምን ከእናንተ ጋር ይበላል?»

በመጨረሻ ወሰኑ፦ ክረምቱ ወጥቶ ሰው ከእርሻው ሲያርፍ ሙላው በመስጊዱ ግቢ የሠራውንና ያየውን ሳይደብቅ ይማል። ከማለ ንጹሕ ነው። ካልማለ ከቅሬው ወጥቶ አገር ይለቃል። እስከዚያ ድረስ እሳት አይጫርለትም፣ በደቦ አይታገዝም፣ ከብቱም ከወል ግጦሹ አይገባም።

ወደ ቤት ስመለስ በለሆሳስ እያንጎራጎርሁ ነበር። ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ደነገጥሁና አቆምሁ።

ግንቦት 3

ዘግይቶ ዝናብ ጣለ፤ ትንሽ። ጠዋት ከደጅ ቀና ብል ተራራው ላይ አረንጓዴ ነገር። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ወጣሁ። እውነት ነው። ከከሰለው አስታ ሥር ጣት የሚያህል ለምለም ቀንበጥ፣ ክምር ክምር ሆኖ። የጓሳው ሣርም በአመዱ መሀል እንደ አዲስ ጠጉር ብቅ ብሏል። የጅብራው ዛፍ ውጭውን ተቃጥሎ ልቡ ሕያው ነው።

ሰው በበላ ሁለት ወር ሳይሞላው!

ተቀምጬ ቀንበጡን ነቀልሁት። አንዱን ስነቅል ሌላው፣ ሌላው። እጄ ጥቁር እስኪሆን። ከዚያ ሰው ያየኛል ብዬ ወረድሁ።

እማ «ምን ይሸታል?» አለችኝ። አመድ ነው አልኋት።

ግንቦት 20

ትናንት አረፋ ነበር። በየቤቱ ሰው ተጠያየቀ፣ ሥጋ ተላላከ። ሙላው ደጅ ማንም አልደረሰም። ትንሿ ልጁ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ስትጠብቅ ዋለች። «ዒድ ሙባረክ» የሚላት አልነበረም።

እማ ድንገት «ሙላው ቤትስ ሄዳችኋል?» አለች።

«ረሳሽው እንዴ፣ እማ?»

«አልረሳሁም። ልጆቹ ግን ምን አጠፉ?»

የአህመዲን ልጆችስ? አላገባም፤ አልወለደም። ያልተወለዱት ምን አጠፉ?

ሰኔ 2

ምስክር የምትባል ሴት ከከተማ መጣች። የደን ባለሙያ ናት፤ የተቃጠለ ተራራ እንዴት እንደሚመለስ ታጠናለች። መንገድ የሚያሳያት ሰው ስትፈልግ እኔ እሄዳለሁ አልሁ። ሥራዬ አይደለም፤ ግን ስለ እሳት የተማረ ሰው ምናልባት አንድ ነገር ያውቅ ይሆናል ብዬ ነው።

ረጋ ያለች ሰው ናት። በገመድ ካሬ ካሬ እየከለለች የበቀለውን ትቆጥራለች። «አስታው ሥሩ ካልሞተ ያቆጠቁጣል» አለችኝ። «ኮሶው ግን ከነሥሩ ሞቷል። እሱ ከዘር ነው የሚመለሰው፤ ችግኙን ከብት ካልነጨው። እስከዚያ ቦታው የሣር ነው።»

«ዳነ በይኛ።»

«ዳነ አልልም። ሌላ ተራራ ይሆናል።»

ምሳ ስንበላ ጠየቅኋት። «እሳት ከየት እንደተነሣ ይታወቃል?»

«አንዳንዴ። እሳት ሲያልፍ ግንዱን ነፋሱ በሄደበት በኩል ነው ከፍ አድርጎ የሚያጠቁረው። ያንን ወደ ኋላ እየተከተልሽ ስትሄጂ ቃጠሎው እየጠበበ ይመጣል። የጠበበበት ቦታ መነሻው ነው።»

አልሐምዱሊላህ አልሁ፣ በሆዴ። «ነገ አሳይኝ» አልኋት። «የወንድሜን ገዳይ ቦታ እፈልጋለሁ።»

አየችኝ። «እኔ የመጣሁት ዕፅዋት ልቆጥር ነው፣ ሀዲያ።»

«ቁጠሪ። እግረ መንገድሽን ግን አሳይኝ።»

ሰኔ 3

ሄድን።

የሙላው ከብቶች የዋሉበት በምሥራቅ በኩል ነው፣ ምንጩ አጠገብ። ከዚያ እንጀምር አልኋት። ግንዱን እየዳሰሰች ጥቁሩን አየች፤ ወደ ምዕራብ ዞረች። «በዚህ ነው» አለች። ልክ አይደለሽም አልኋት። ሌላ ግንድ አሳየችኝ። ሌላም። ሁሉም በአንድ በኩል ጠቁረዋል።

ወደ ምዕራብ ሄድን። ቃጠሎው እየጠበበ መጣ። እንደ አውድማ፣ ከዚያ እንደ ቤት፣ ከዚያ እንደ መደብ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከጅዳ በላክሁት ብር አህመዲን ያሠራቸው ቀፎዎች እዚያ ነበሩ፤ የከሰሉ ሳንቃዎችና የሰም ጠባሳ።

ምስክር ገመዷን ጠቀለለች።

መሬት ላይ የቆርቆሮ ማጨሻ ወድቆ ነበር፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ኩበት እየጨመሩ ንብ የሚያጨሱበት። በእግሬ ገፋ አደረግሁት፤ ገደል ገባ። ድምፁ ቆየ። አሮጌ ቆርቆሮ ነው።

«ዱካው ጠፍቷል» አልኋት። «ዝናቡ አጥቦታል።»

«ሀዲያ…»

«ጠፍቷል አልሁሽ!»

ሰኔ 4

ሙላው ነው።

ሰኔ 11

ሙላው ከብቶቹን መሸጥ ጀመረ። ግጦሽ የለውም፣ ምን ያብላቸው። የመጨረሻዋን ላም ሲነዳ በደጃችን አለፈ። «ሰላም ዋላችሁ?» አለ፤ ለእማ። እሷ ከውስጥ «አልሐምዱሊላህ» አለችው፤ ድምፁን ለይታ ይሁን ሳትለይ አላውቅም። እኔ ምራቄን ተፋሁ።

ሐምሌ 17

ልብሴ እንደረጠበ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ ዶፍ ጣለ። የላይኛው ተራራ ገና ገላጣ ነው፤ አስታው ጉልበት ድረስ እንኳ አልደረሰም፤ ውሃ አይዝም። ጎርፉ ጠቁሮ መጣ፣ የመጋቢቱን አመድና ከሰል ተሸክሞ። ቀጥታ በሙላው ገብስ ላይ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅሬው አካፋ ይዞ ይወጣ ነበር። ማንም አልወጣም። ሙላው፣ ሱሀይላና ልጆቹ በባዶ እጃቸው ድንጋይ ይደረድራሉ፣ ጎርፉ ያፈርሰዋል፤ ይደረድራሉ፣ ያፈርሰዋል።

የእኛ ቦይ ከእርሻው በላይ ነው። አንድ ቦታ ብቆርጠው ውሃው ወደ ገደሉ ይዞር ነበር። አካፋው በእጄ ነበር። ሙላው ቀና አለና አየኝ። አልጠራኝም። ቢጠራኝ ኖሮ፣ አላውቅም። አልጠራኝም።

ገብሱ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ተኛ።

ሐምሌ 18

ደግ አደረግሁ። ጎርፉን እኔ አልላክሁት።

ሐምሌ 19

እንቅልፍ የለም። እማ «ምን ሆነሽ ትገላበጫለሽ?» አለች። ቁንጫ ነው አልኋት። አህመዲን ሕያው ቢሆን ያን ቦይ ይቆርጥ ነበር፤ ከሙላው ጋር እየተሰዳደበም ቢሆን ይቆርጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የገደለብኝ።

ነሐሴ 22

ምስክር ካሬዎቿን ልታይ ተመለሰች። በዚያ ቀን ነገር እንዳልተቀየመችኝ አወቅሁ፤ ከከተማ ለእማ ስኳር ይዛ መጣች። አብሬያት ወጣሁ፤ ቤት መዋል ከብዶኛል።

ጥላ ይጥል የነበረው ዛፍ ስለሌለ ፀሐይ መሬቱን አግኝቶታል፤ የማገጡ ሣር ተንጣልሎ አብቧል፣ ሐምራዊ ምንጣፍ። ንብ ይጮኽበታል። የማን ንብ እንደሆነ እንጃ፤ ከቀፎዎቹ ያመለጠ ይሆን፣ የዱር ይሆን። በአንዱ ካሬ ውስጥ ምስክር ተንበርክካ ጠራችኝ። የኮሶ ችግኝ። ጥፍር የምታህል።

«ዕድለኛ ነው» አለች። «ዘንድሮ ከብት አልገባበትም።»

የሙላው ከብት ስለተሸጠ ነው። ችግኙን የሚጠብቀው የእኔ ቂም ነው ማለት ነው። ልስቅ ነበር።

ስንወርድ እንዲህ አለችኝ፦ «መነሻውን ለማንም አልተናገርሁም። አልናገርምም። ግን ከመሐላው ዓርብ በፊት አስቢበት።»

ስለ መሐላው ሰምታለች። ማን ነገራት? አገር ሁሉ ያውቃል።

ምኑን ነው የማስበው።

መስከረም 7

ነገ ዓርብ ነው። ይህን የምጽፈው በራችን ተዘግቶ ነው፤ ማንንም ማየት አልፈልግም።

ከሰዓት ምንጭ ወርጄ ሱሀይላ አገኘችኝ። ከሚያዝያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እንስራዋን አስቀመጠችና መንገዱን ዘጋችብኝ።

«ሙላው ነገ አይምልም» አለች።

«የሠራ ሰው እንዴት ብሎ ይምላል?»

«ስሚኝ። ቤታችንን ዘግተን ወደ መተማ ልንወርድ ነው፣ ለቀን ሥራ። ልጆቼን ይዤ፣ ለዚያ ሐሩር። ከመሄዴ በፊት እሱ የደበቀሽን እኔ እነግርሻለሁ። ከፈለገ ይፍታኝ።»

ልሄድ ነበር። እጄን ያዘችኝ።

«ጭሱን ያየው ከወረደ በኋላ ነው። ከብቱን ጥሎ ተመለሰ። ወንድምሽን ቀፎው ጋ አገኘው፤ በአስታ ቅርንጫፍ እሳቱን ይገርፋል፣ ሸሚዙ ተቃጥሏል። አብረው ገረፉት። ነፋሱ ዞረ። አህመዲን ሸለቆው ውስጥ ወደቀ፤ ሙላው ጎትቶ አወጣው። እጁን እሳት የበላው ያኔ ነው። የአህመዲን ነፍስ ገና አልወጣችም ነበር። ‹ንቡን ሳጨስ አመለጠኝ› አለው። ‹እማ እንዳትሰማ። ሙላው፣ እማ እንዳትሰማ።› ባሌ ‹ወላሂ ከአፌ አይወጣም› አለው። ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሸሃዳ አስባለው። ከሞተ በኋላ ነው ወደ ሕዝቡ የሄደ።»

«ትዋሻለሽ።»

«ነገ ቢምል ያየውን ሳይደብቅ ነው የሚምለው። ስለዚህ አይምልም። ከብቱን ሸጠ፣ ገብሱን አጣ፣ አገሩን ሊለቅ ነው፤ ለወንድምሽ ቃል። አንቺ ደሞ አካፋ ይዘሽ ቆመሽ አየሽን።»

እንስራዋን ተሸከመች። ውሃ ሳትቀዳ ሄደች።

ውሸት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር የተቀመጥሁት።

እንዴት ጠላሁት። ዛሬ ከመቼውም በላይ ጠላሁት። የወንድሜ የመጨረሻ ቃል እሱ ጋ ነበር፣ በጋውንም ክረምቱንም። በደጃችን ሲያልፍ እሱ ጋ ነበር። ምራቄን ስተፋበት እሱ ጋ ነበር። አንድ ጊዜ ዞሮ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? የምመልሰው ነገር አይኖረኝም ነበር? አሁንስ ምን ልመልስ?

ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አለች። እኔ ያኔ ለነጋዴው ስልክ እየደወልሁ ነበር።

መስከረም 8፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ግቢው ሞላ። እኛ ሴቶች በአጥሩ በኩል ተቀመጥን። ሙላው መሀል ቆመ። ሸህ ሙህዬ ጠየቁት።

«ሙላው፣ የሠራኸውንና ያየኸውን ሳትደብቅ ትምላለህ?»

«አልምልም፣ ሸህ። ቅጣቱን እቀበላለሁ።»

ግቢው ጮኸ። «ይኸው!» አለ አንዱ። «አላልናችሁም?» አለ ሌላው። ከመጋቢት ጀምሮ ስለምነው የኖርሁት ይህንኑ ነው፤ በሙሉ ተሰጠኝ። ሙላው ጫማውን ያያል። ጠባሳው እጁ ላይ እንደ ቆዳ ጓንቲ ይብለጨለጫል።

ሸህ ሙህዬ ሊናገሩ ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። እግሬ ነው የተነሣው፤ እኔ ገና ተቀምጬ ነበር።

«ክሴን አንስቻለሁ» አልሁ።

ሸህ ሙህዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን፣ ልጄ?»

«እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ሙላው ቀና አለ። በዓይኑ አይሆንም አለኝ። እስከዚህም ድረስ ቃሉን ሊጠብቅልኝ!

«እናቴ ሳትሰማ ለማንም አልናገርም» አልኋቸው። «ሙላው ግን አይደለም። የከሰስሁት እኔ ነኝ፤ አይደለም የምላችሁም እኔ ነኝ።»

«ብር ሰጥቷት ነው» ሲል ሰማሁ አንድ ሰው ከኋላዬ። ዞሬ አላየሁትም።

ቤት ስደርስ እማ መደቡ ላይ ነበረች። ከእግሯ ሥር ተቀመጥሁና ነገርኋት። ነጋዴውን፣ ሂድ ማለቴን፣ ማጨሻውን፣ ሸለቆውን፣ እንዳትሰማ ማለቱን። አላለቀሰችም። ጉልበቷን ያዝሁ።

«ሲሞት ብቻውን አልነበረም?» አለችኝ።

«አልነበረም፣ እማ። ሙላው ነበር።»

«ሸሃዳ አስባለው?»

«አስባለው።»

ተነሣች። ከመጋቢት ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ስትነሣ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። «ምርኩዜን አቀብይኝና ሙላው ቤት ምሪኝ» አለች።

በጎርፉ የተበላውን እርሻ ዳር ዳሩን መራኋት። ዓይኗ አጥርቶ አያይም፤ እግሯ ግን ጭቃና ድንጋይ ሲረግጥ «ይህ ምንድን ነው? ገብሱስ?» አለች። ያንን አልነገርኋትም ነበር። እዚያው ቆሜ ነገርኋት። እጄን ለቀቀች። የቀረውን መንገድ በምርኩዟ እየዳበሰች ብቻዋን ሄደች፤ እኔ ከኋላ።

ግቢው ውስጥ ዕቃቸው ታስሮ ተከምሯል። እማ «ሙላው፣ ልጄ» ብላ ገባች። እኔ አጥሩ ጋ ቆምሁ። የእማ ለቅሶ ተሰማኝ፣ ከዚያ የሱሀይላ፣ ከዚያ የወንድ። ቆየሁ። ጥቂት ካፊያ ጀመረ።

«ውጭ የቆመችውን ግቢ በሏት» አለ ሙላው ከውስጥ።

ትንሿ ልጅ ወጥታ አየችኝ። አልገባሁም። አልሄድሁምም።